ውሉ የጠፋ ልቃቂት፦ ታው በአልዛይመር አንጎል ውስጥ የሚሄድበት መንገድ

(በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ለተሰበሰቡ ቤተሰቦች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ትንሽ ተስተካክሏል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እናቶቼና አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፤ በዚህ ብርድ ቤታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። አዘጋጆቹ «ስለ መርሳት በሽታ አንድ ነገር ንገረን» ብለው ሲጠሩኝ፣ ስለ በሽታው በጠቅላላው ሳይሆን ስለ አንድ ፕሮቲን ልናገር አልኳቸው። ስልኩ ለአፍታ ጸጥ አለ። ከዚያ «ሰው ይሰለቻል» አሉኝ። ከሰለቻችሁ ቡናው ከኋላ አለ።

ምክንያቴን ልንገራችሁ። አጎቴ በልጅነታቸው ቄስ ትምህርት ቤት ገብተው ዳዊት የደገሙ ሰው ነበሩ። በሽታው ሲጀምራቸው ቁርስ መብላታቸውን ይረሱ ጀመር። ቀጥሎ ሠላሳ ዓመት የተመላለሱበት መታጠፊያ ጠፋባቸው። ዳዊቱ ግን ንቅንቅ አላለም፤ መዝሙሩን የሚጀምርላቸው ሰው ካገኙ እስከ መጨረሻው ይወጡታል። ታዲያ ቤተሰባችን ምን አለ መሰላችሁ? «የሚፈልጉትን ያስታውሳሉ፣ የማይፈልጉትን ይረሳሉ።» ያበደሩትን አስታውሰው የተበደሩትን ረሱ ያለም ዘመድ ነበር። ስቀን አለፍነው፤ ግን እንዲህ ያለ ነገር ውሎ አድሮ ልብ ያሻክራል። እኔ ሥራዬ የአንጎል ናሙና በማይክሮስኮፕ ማየት ሆኖ ሳለ ለዘመዶቼ የረባ መልስ አልሰጠኋቸውም። ዛሬ የምናገረው ያኔ መናገር የነበረብኝን ነው። በሽታው እንደ ጎርፍ ያገኘውን ሁሉ ጠርጎ አይሄድም፤ የሚነሳበት ቦታና የሚከተለው መንገድ አለው። የትኛው ትዝታ ቀድሞ እንደሚሄድ የሚወስነው ያ መንገድ ነው፤ ታማሚው አይደለም።

የዚያ መንገደኛ ፕሮቲን ስም ታው ነው። ዳዊት የደገማችሁ ሰዎች ፈገግ ስትሉ አያለሁ። አዎ፣ በመዝሙር 118 ከአሌፍ ተነስቶ ታው ላይ የሚያበቃው ፊደል ዘመድ ነው። ግሪኮች ከፊንቄያውያን ወሰዱት፣ ሳይንቲስቶች ደግሞ ከግሪኮች። ፕሮቲኑን በ1975 ለይተው ስም ያወጡለት በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ በማርክ ኪርሽነር ላቦራቶሪ የነበሩ ተመራማሪዎች ናቸው። ያኔ ከአልዛይመር ጋር ይገናኛል ብሎ የገመተ አልነበረም፤ የሚፈልጉት የሴል ውስጥ ቱቦዎች እንዴት እንደሚሠሩ ነበር።

ቱቦዎቹ ምንድን ናቸው? የነርቭ ሴል ረጅም ነው። ከጀርባችን ተነስቶ እግር ጣት የሚደርስ፣ አንድ ሜትር የሚሆን ቅርንጫፍ ያለው አለ። በዚያ ርዝመት ምግቡና መልእክቱ የሚመላለሰው ማይክሮቱቡል በሚባሉ ቀጫጭን ቱቦዎች ላይ ነው። የገጠር ጎጆ ሲሠራ ያየ ሰው፣ ማገር ብቻውን ቤት እንደማያቆም ያውቃል፤ በልጥ ይታሰራል። ታው እንደ ልጡ ነው። ልዩነቱ፣ ይህ ልጥ በየጊዜው የሚላላና የሚጠብቅ መሆኑ ነው። ሴሉ ታው ላይ ፎስፌት የሚባል ትንሽ ኬሚካል ሲለጥፍ ይላላል፣ ሲያነሳ ይጠብቃል። ጤናማ ሥራ ነው። በአልዛይመር ግን ፎስፌቱ ከመደበኛው 3 እስከ 4 እጥፍ ይበዛል፤ ታው ቱቦውን ይለቅና ሥራ ፈት ይሆናል።

ሥራ የፈታው ታው ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም። እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ሁለት ሁለት እየሆነ እንደ ገመድ ይገመዳል። ይህንን በ1963 ማይክል ኪድ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አይቶታል፤ የገመዱ ጥሬ ዕቃ ታው መሆኑ የታወቀው ግን በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው። በ2017 በኬምብሪጅ ያሉ ተመራማሪዎች ከአንድ ሟች አንጎል የወጣውን ገመድ ናሙናውን አቀዝቅዞ በሚያሳይ ክራዮ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አነሱት፤ እያንዳንዱ ክር እንደ ማጭድ ተቆልምሞ ተገኘ። ያስገረመን ቀጥሎ የመጣው ነው። ታው የሚበላሽባቸው ሌሎች በሽታዎች ሲታዩ፣ አጣጠፉ በአብዛኛው ከበሽታ በሽታ ይለያያል። ፕሮቲኑ አንድ ሆኖ መልኩ ይለያያል ማለት ነው።

ገመዱ በዝቶ ሴሉን ሲሞላው በማይክሮስኮፕ የሚታየው ነገር ውሉ የጠፋ ልቃቂት ነው። «ውሉ ጠፋብኝ» እንል የለ? ከዚህ የተሻለ ስም አላገኘሁለትም። መጀመሪያ ያየው ራሱ አሎይስ አልዛይመር ነው፤ ፍራንክፈርት ውስጥ በ51 ዓመቷ ያገኛትን፣ በ1906 የሞተችውን የአውጉስተ ዴተርን አንጎል በብር ቀለም ነክሮ። እሱ ከጻፈው ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚያስደነግጠኝ፣ አንዳንድ ቦታ ሴሉ ሞቶ ጠፍቶ ልቃቂቱ ብቻ መቅረቱ ነው። ቤቱ ፈርሶ ልጡ ብቻ ወድቆ እንደማየት።

አሁን ወደ መንገዱ።

በ1991 ሃይኮ ብራክና ባለቤቱ ኤቫ ብራክ የ83 ሰዎችን አንጎል መርምረው አንድ ጽሑፍ አወጡ። ያን ያህል ሰፊ ጥናት አይደለም፤ ሥራው ግን የትዕግሥት ነው። ከዚያ በፊት ልቃቂት በአንጎል ውስጥ እዚህም እዚያም ይታያል ነበር የሚባለው። ብራኮቹ ቅደም ተከተል አገኙበት፤ በስድስት ደረጃም ከፈሉት። ዛሬ በዓለም ላይ የትም የአስከሬን አንጎል ሲመረመር «ብራክ ስንት ነው?» ተብሎ ይጠየቃል።

በ1ኛና በ2ኛው ደረጃ ልቃቂቱ ያለው ከጆሮ ገባ ብሎ፣ በአንጎል ሥር ባለች ኢንቶራይናል ኮርቴክስ በምትባል ስፍራና በዳርቻዋ ነው። ይህች ስፍራ የሂፖካምፐስ ደጃፍ ናት። ሂፖካምፐስ አዲስ ትዝታ የሚመዘገብበት ክፍል ሲሆን፣ ከቀሪው አንጎል የሚመጣለት ወሬ አብዛኛው በዚያ ደጃፍ ያልፋል። በነዚህ ደረጃዎች ሰውየው ምንም አይታወቀውም፤ ሥራ ይሠራል፣ ዕቁብ ይሰበስባል። በ3ኛና በ4ኛው ልቃቂቱ ደጃፉን አልፎ ሂፖካምፐስ ውስጥና ከጎኑ ባሉት ክፍሎች ይገባል። ቁርስ የሚረሳው እዚህ ላይ ነው። ቁርሱ የተመዘገበ ትዝታ ሆኖ ኋላ አልጠፋም፤ ቀድሞውኑ አልተመዘገበም። ስለዚህ «እስቲ አስታውስ» እያሉ ማስጨነቅ ያልተጻፈ ደብዳቤ አንብብ እንደማለት ነው። በ5ኛና በ6ኛው ወደ ላይኛው ሰፊ የአንጎል ቅርፊት ይወጣል፤ ቃል መፈለግ፣ ማቀድ፣ ፊት መለየት ይከብዳል። ቀጥታ የሚያዩት፣ የሚሰሙትና እጅ እግር የሚያንቀሳቅሱት ክፍሎች በመጨረሻ ይነካሉ።

መታጠፊያው የጠፋበት ምክንያትም እዚያችው ደጃፍ ላይ ነው። በ2005 በኖርዌይ የሞዘር ጥንዶች ላቦራቶሪ በአይጥ ኢንቶራይናል ኮርቴክስ ውስጥ እንስሳው የት እንዳለ የሚቆጥሩ፣ እንደ ካርታ መስመር የተደረደሩ ሴሎችን አገኘ፤ ሥራው በ2014 የኖቤል ሽልማት አሰጥቷል። የአጎቴ ካርታ የነበረው ታው መጀመሪያ በሰፈረበት ቦታ ላይ ነው። እኛ ግን ሲጠፉ «ምን ሆነው ነው? ልባቸው የት ሄዶ ነው?» እንል ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ «እርጅና ነው፣ ጃጁ» ለሚለው አነጋገራችን መልስ አለውና። በ1996 የታተመ አንድ ጥናት በዚያች ስፍራ ሁለተኛው ሽፋን ላይ ያሉትን የነርቭ ሴሎች ቆጠረ። በሽታው ገና መለስተኛ በሆነባቸው ሰዎች እንኳ 60 በመቶ ያህሉ አልቀዋል፤ በጠናባቸው ደግሞ 90 በመቶ። ከ60 እስከ 90 ዓመት ባሉ ጤነኞች ላይ ግን ቁጥሩ አልቀነሰም። ዘጠና ዓመት ብቻውን እነዚያን ሴሎች አይገድልም። ይህንን ቁጥር ሳነብ የአጎቴ ጉዳይ ያኔ ከሞላ ጎደል አብቅቶ ነበር። «ትንሽ ይረሳሉ» ባልንበት ወቅት፣ በዚያ ሽፋን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሴሎች ሳይጠፉ እንዳልቀሩ ገባኝ።

ብራክ ግን በዚህ አላቆመም። በ2011 ከ1 እስከ 100 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን የ2,332 ሰዎች አንጎል ተመልክቶ፣ የታው ለውጥ ምልክት ፈጽሞ ያልታየባቸው 10 ብቻ ሆነው አገኘ። መነሻውም ከኢንቶራይናል በታች፣ በአንጎል ግንድ ውስጥ ሎከስ ሴሩሊየስ በምትባል ትንሽ ሰማያዊ ነጥብ ላይ መሆኑን ጻፈ። እንቅልፍን፣ ንቃትንና ጭንቀትን የምትቆጣጠር ስፍራ ናት። በወጣቶች ላይ ሳይቀር ለውጡ ታይቷል። አትደንግጡ። ይህ ገና ልቃቂት ያልሆነ የመጀመሪያ ምልክት ነው፤ የአብዛኛው ሰው ታው ሕይወቱን ሙሉ እዚያው አካባቢ ይቀመጣል። ትልቁ ጥያቄ ለምን በአንዳንዱ ሰው ጉዞ ይጀምራል የሚለው ነው።

የጥያቄው አንዱ መልስ አሚሎይድ ነው። ከሴሎች ውጭ የሚከማች ሌላ ፕሮቲን ነው፤ ምልክት ከመታየቱ 15 እና 20 ዓመት ቀድሞ መከማቸት ይጀምራል። በሙያችን ውስጥ «ጥፋተኛው አሚሎይድ ነው»፣ «የለም፣ ታው ነው» የሚል ክርክር ለረጅም ዘመን ነበር፤ እንደ ሁለት ደጋፊ ቡድን ተጣልተናል ማለት ይቻላል። እኔ በግሌ ክርክሩ አሁን ረግቧል ባይ ነኝ። አሚሎይድ የሌለባቸው ብዙ አረጋውያን በኢንቶራይናልና በሂፖካምፐስ አካባቢ ታው አላቸው፤ እዚያው ይቆማል። አሚሎይድ ሲኖር ነው አጥሩን ጥሶ ወደ ላይ የሚወጣው። በር ከፋቹ አሚሎይድ፣ ጉዳት አድራሹ ታው። የአንድን ሰው የመርሳት መጠን የሚከተለው የልቃቂቱ ብዛት እንጂ የአሚሎይዱ እንዳልሆነ ደግሞ በ1992 ታይቷል።

ታው ከሴል ወደ ሴል እንዴት ይሄዳል? ወጥ ቤት ያላችሁ ሰዎች ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ እርሾ። ጭልፋ የማይሞላ እርሾ አንድ ድስት ሊጥ ያቦካል። የተበላሸ ታው ጤነኛውን ሲነካው ያው የራሱን አጣጠፍ ያስይዘዋል። በ2009 ባዝልና ኬምብሪጅ ያሉ ተመራማሪዎች ልቃቂት ካለበት አይጥ አንጎል የተወሰደ ጭማቂ ጤነኛ የሰው ታው በሚያመርት ሌላ አይጥ አንጎል ውስጥ ጨመሩ፤ ከመርፌው ቦታ ተነስቶ ልቃቂት እየሰፋ ሄደ። በ2012 ደግሞ ሁለት ቡድኖች የተበላሸውን ታው በአይጦች ኢንቶራይናል ውስጥ ብቻ እንዲመረት አደረጉ፤ ከወራት በኋላ ሂፖካምፐስ ውስጥ ተገኘ። የሚዛመተው ለቦታ ቅርብ ወደሆነው ጎረቤት ብቻ አይደለም፤ በሽቦ ወደተገናኘው ወዳጅ ነው። ሴሎች በሚነጋገሩበት መገናኛ ይሻገራል። በ2020 ታውን ወደ ሴል ውስጥ ከሚያስገቡት በሮች አንዱ ኤልአርፒ1 የሚባል ተቀባይ መሆኑ ታወቀ።

እርሾ ስላልኩ አንድ ፍርሃት ላስወግድ። በሽታው በመሳም፣ በአንድ ትሪ በመብላት፣ ታማሚ በማጠብ አይተላለፍም። ጉዞው በአንድ ሰው አንጎል ውስጥ ነው። አስታማሚን የሚያርቅ ወሬ ሰምቻለሁና ነው የማነሳው።

ምሳሌዬ ደግሞ ሙሉ አይደለም። እርሾው ከክፍል ወደ ክፍል መሻገሩ ያን ያህል ጊዜ የሚወስድ አይመስልም። በ2021 የወጣ ስሌት እንዳሳየው፣ ከብራክ 3ኛ ደረጃ ወዲህ የበሽታውን ፍጥነት የሚወስነው በየክፍሉ ውስጥ ያለው መባዛት ነው፤ በእጥፍ ለማደግ 5 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ቀርፋፋ ነው። ለሐኪም ይህ ተስፋ ነው፤ እዚያው እያለ የሚያዘገየው መድኃኒት ቢገኝ ብዙ ዓመት ይተርፋል።

መንገዱ ለሁሉም አንድ ነው ወይ? እንደዚያ ብል ዋሸሁ። በ2021 ከሺህ በላይ ሰዎች ፔት በሚባለው የአንጎል ምስል ተነስተው አራት የጉዞ መልኮች ተለይተዋል። በአንዳንዱ ታው ከኋላ፣ ከእይታ ክፍል ይጠነክራል። እንዲህ ያለው ሰው ትዝታው ደህና ሆኖ ዕቃ መጨበጥ፣ ፊደል መከተል ያቅተዋል፤ መነጽር እየቀያየረ ዓመት ይፈጃል። ዓይኑ ግን ጤነኛ ነው። ይህንን የምነግራችሁ «አይረሳምና አልዛይመር አይደለም» እንዳትሉ ነው።

ስለ ምርመራ ባጭሩ። ታውን በሕይወት ባለ ሰው ላይ የሚያሳየውን የፔት ማቅለሚያ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት በ2020 ፈቅዷል። በግንቦት 2025 ደግሞ ፒ-ታው217 የሚባለውን የታው ቅርጽ ከአሚሎይድ ጋር አነጻጽሮ በደም የሚለካ ምርመራ ፈቀደ፤ ምልክት ለታየባቸው 55 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች። ምልክት ለሌለው ሰው አይደለም። ስለዚህ ነገ ተነስታችሁ ለመመርመር አትሰለፉ።

መድኃኒቱስ? በሽታውን እንዲያዘገዩ ተፈቅደው አሁን የሚሰጡት ሌካኔማብና ዶናኔማብ አሚሎይድን የሚያነሱ ናቸው። ያዘገያሉ፣ አያድኑም፤ አንጎል ውስጥ እብጠትና ደም መፍሰስ ሊያስከትሉም ይችላሉ። የዶናኔማብ ጥናት ግን ለዛሬው ነገር ትልቅ ምስክር ሰጥቷል፤ ታማሚዎቹን በታው መጠን ከፍሎ ነበርና። ታው ዝቅተኛና መካከለኛ የሆነባቸው ሰዎች መዳከማቸው በ35 በመቶ ዘገየ፤ ታው የበዛባቸው ሲጨመሩ ወደ 22 በመቶ ወረደ። እርሾው አንዴ ከተነሳ በር ከፋቹን ማባረር ብዙም አይረዳም። ታውን ራሱን ለመያዝ የተሞከሩ በርካታ ፀረ-አካላት ደግሞ ከሽፈዋል፤ ብዙዎቹ የሚይዙት የፕሮቲኑን ጫፍ ነበር፣ የሚገመደው ግን መሐሉ ነው። አሁን እኔ ዓይኔን የጣልኩት ሴሉ ታው ማምረቱን እንዲቀንስ በጀርባ መርፌ በሚሰጥ መድኃኒት ላይ ነው። በ2023 ውጤቱ በወጣ፣ በ46 ሰዎች ላይ በተደረገ የመጀመሪያ ሙከራ፣ መድኃኒቱ በከፍተኛ መጠን በተሰጣቸው ሰዎች ላይ በጀርባ ፈሳሻቸው ውስጥ ያለው ታው ከግማሽ በላይ ቀንሷል። ትዝታን ይረዳ እንደሆነ የሚለካው ከዚያ በኋላ ባለው ሙከራ ነው።

ከመቀመጤ በፊት ስለ ሁለት ኮሎምቢያውያን ልንገራችሁ። በኮሎምቢያ አንቲዮኪያ አውራጃ አልዛይመር በዘር የሚወርድባቸው ትልልቅ ቤተሰቦች አሉ፤ ጂኑን የወረሰ ሰው በ44 ዓመቱ ገደማ መርሳት ይጀምራል። ነፍሳቸውን ይማርና ሐኪሙ ፍራንሲስኮ ሎፔራ ዕድሜ ልካቸውን እነሱን ተከታትለዋል። ከነሱ መካከል አንዲት ሴት እስከ 70ዎቹ ዕድሜዋ ደህና ቆየች። አንጎሏ ሲታይ አሚሎይዱ ሞልቷል፤ ታው ግን ጥቂት ነው። ሌላ ብርቅ የጂን ለውጥ ጠብቋታል። በ2023 የተነገረለት አንድ ሰው ደግሞ እስከ 67 ዓመቱ ቆየ። እሱ ግን በሌላ ጂን ነው፤ ታውም በአንጎሉ ብዙ ክፍል ነበረው። ጥቂት ብቻ የነበረበት ግን ኢንቶራይናል ኮርቴክስ ነው። ያቺ ደጃፍ ተጠብቃ ቀረች፤ ሰውየውም አብሯት።

ከጥያቄዎቹ አንዱን ብቻ እዚህ እጽፋለሁ። አንዲት እናት ከኋላ ተነስተው «ልጄ፣ ዳዊቱስ? እሱ መቼ ነው የሚሄደው?» አሉኝ። ከልጅነት ጀምሮ በዜማና በምት ሺህ ጊዜ የተደጋገመ ነገር የሚቀመጠው በሂፖካምፐስ ብቻ አይደለም አልኳቸው። ምላስና ከንፈር ከሚያንቀሳቅሱት ክፍሎችና ከልማድ መንገዶች ጋር ይተሳሰራል፤ ታው እዚያ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ለረጅም ዘመን የተለመደ ዜማ የሚቀመጥባቸው ክፍሎች በአልዛይመር ከሌሎቹ ይልቅ እንደሚተርፉ በምስል የተደረገ ጥናትም አለ። ቁርዓን በቃላቸው የያዙ አባቶች ልጆችም ይህንኑ ነግረውኛል። አጎቴ የእኔን ስም ከረሱ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ደግመዋል። መጨረሻ ላይ ቃሉ እየተቆራረጠ ዜማው ብቻ ቀረ፤ ከዚያ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር።

እናትየው «እሺ፣ ገባኝ» ብለው ተቀመጡ። ባለቤታቸው አጠገባቸው ነበሩ።